ሳትገፋ የምትነሳ መኪና

ናዝሬት፣ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.
(በሰው እጅ)

ለወንድሜ ለመርጋ ቀነዓ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ጤናህን ይስጥህ፣ የሰው አገር ብርድ አይንካህ። እኔ እህትህ ፀዳለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

ይህን የምታደርስልህ ቀመሪያ ትባላለች፣ ነርስ ናት፣ ለሥልጠና ነው የምትመጣው። ደብዳቤውን ጫማዋ ውስጥ አድርጋ ስለምታልፍ ሽታውን ቻለው። በፖስታ የማይጻፈውን ሁሉ እዚህ ላይ እጽፍልሃለሁ። ከእንግዲህ በፖስታ የምልክልህ ሁሉ በአብዮታዊ ሰላምታ ይጀምራል። ከአንተ በፊት የሚያነበው ሰው ደስ ይበለው ብዬ ነውና እህቴ ካድሬ ሆነች ብለህ እንዳትደነግጥ።

ባለቤቴ ነገሪ ታስሯል። የእኛ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ቤት ለቤት ነበር የምንሰበሰበው። እሱ አርሲ ነገሌ ያሉትን ወገኖች ሊያጽናና ሄዶ እዚያው ከጸሎት ላይ አንስተው ወሰዱት። የት እንዳለ ያወቅሁት ብዙ በር ካንኳኳሁ በኋላ ነው። አሁን እዚያው አርሲ ነገሌ እስር ቤት ነው ያለው። ስንቅ የሚቀበሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ጨጓራውን ታውቀዋለህ፤ የእነሱን ወጥ ከበላ ደም ያስመልሰዋል። ስለዚህ ቂንጬና አልጫ፣ የፈላ ወተት፣ ለኋለኛው ቀን ደግሞ በሶ፣ ለሳምንት የሚበቃውን ቋጥሬ እወስድለታለሁ። ካልደረስኩ ሳምንቱን ያን ወጥ ይበላል ማለት ነው።

ከዚህ ነገሌ ስንት መንገድ እንደሆነ አልረሳኸውም። ሰዓት እላፊው ሳያበቃ መንቀሳቀስ አይቻልም፤ አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ቢጠበቅ ደግሞ እኩለ ቀን ይሆናል። ያለችኝ ያቺ ነጭ የናፍጣ መኪናችን ብቻ ናት። መንዳቱን ነገሪ አስተምሮኛል፣ እነዳታለሁ። ጠዋት ግን አትነሳም!

ድሮም አትነሳም ነበር፣ ግን ትገፋ ነበር። ነገሪ በሩን ከፍቶ «ኧረ ጎረቤት!» ሲል፣ ከአጥር ማዶ ያለው ሁንዴ በሸሚዙ እየሮጠ ይመጣል፤ ሌሎቹም ጋቢያቸውን እንደደረቡ ይወጣሉ። እስከ አስፋልቱ ድረስ እየተሳሳቁ ይገፏት ነበር። እሱ ከታሰረ ወዲህ ማንም አይወጣም። ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ ተጣራሁ። የሁንዴ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ፣ አየኝ፣ መልሶ ዘጋው። አልፈርድባቸውም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ውሸት ነው፣ እፈርድባቸዋለሁ። ብቻዬን በበሩ በኩል በትከሻዬ እየገፋሁ ቁልቁለቱ ድረስ አደረስኳት። ነገሌ ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። ዘበኛው ምግቡን መለሰልኝ። ስመለስ ዓለም ጤና ከተማ ላይ መኪናዋን አቁሜ፣ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ እያዩኝ አለቀስኩ።

መካኒኩ ሰንበታ፣ ነገሪ ሳይታሰር በፊት አይቶልን፣ «ካንዴሊታዎቹ ደህና ናቸው፣ የሞተው ሪሌው ነው» ብሎ ነበር። ሪሌ የሚሉት፣ ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁት ካንዴሊታዎች እንዲግሉ ኤሌክትሪክ የሚልክላቸው ትንሽ ሣጥን ነው አሉ። አሁን ብሄድበት ዓይኔን ሳያይ «ሥራ በዝቶብኛል» አለኝ። እንግዲያው ራሴ እቀይረዋለሁ። ሪሌውን ላክልኝ፣ አቀያየሩንም ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ ፀዳለ


ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፀዳለ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔን ያሳደገውን እጅሽን አምላክ ያበርታ፣ ቤትሽን ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ያው የሊፍት ጥገና ነው። የነገሌውን ዘመዳችንን ነገር ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጨጓራው እንዴት ነው? እሱን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ስለ መኪናዋ ግን እታለም፣ ተይ። ይህ የቤት ዕቃ አይደለም። ናዝሬትን የሚያህል ከተማ አንድ ሌላ መካኒክ ይጥፋ? አለበለዚያ ሽጪያትና በቤንዚን የምትሄድ ግዢ። ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የሪሌው መሆኑን እንወቅ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙሪና ኮፈኑ ሥር፣ በስተቀኝ በኩል ያለውን ጥቁር ሣጥን በእጅሽ ያዢው። «ቀጭ» ማለት አለበት። ካላለ፣ በቮልት መለኪያ ወደ ሣጥኑ የሚገባውንና ከሣጥኑ የሚወጣውን ለኪ። ገብቶ የማይወጣ ከሆነ በእርግጥም ሞቷል። ቀዩ ሽቦ ከባትሪ የሚመጣው ነው። በጣም ከቸገረሽ ለጊዜው ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች በሌላ ሽቦ አገናኝተሽ ማሞቅ ይቻላል፤ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጠሽ ላኪልኝ። ያለ ቁጥር ምንም ልገዛ አልችልም።

ወንድምሽ መርጋ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለጓድ መርጋ ቀነዓ፣

አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ። የሰፊው ሕዝብ ድል አይቀሬ መሆኑን እየገለጽኩ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

«ሽጪያት» አልከኝ። ወንድሜ፣ ማን ነው የሚገዛኝ? የእኔን በር ማንኳኳት የሚፈራ ሰው የእኔን መኪና ነድቶ ሊዞር ነው? «ሌላ መካኒክ» አልከኝ። ሌላውም ጋ ሄጃለሁ፣ «ጓድ፣ እኔ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» አለኝ። እኔ የማን አስተዳዳሪ እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ይህን ምክር ከእንግዲህ እንዳትደግመው፣ ደሜን ነው የምታፈላው።

«በቮልት መለኪያ ለኪ» ደግሞ ምን ማለት ነው? እዚህ ስኳር በሰልፍ ነው። በምን እንደለካሁ ልንገርህ። የእጅ ባትሪዬን አምፖል ነቅዬ በሁለት ቀጭን ሽቦ አሰርኩና በሚገባው በኩል አስነካሁት። ቧ ብሎ በርቶ ፈነዳ። መቼም መግባቱን ገብቷል። ሁለተኛ አምፖል ከሰፈራችን ሱቅ ለምኜ በሚወጣው በኩል አስነካሁ። ጭራሽ ብልጭ አላለም። ሣጥኑንም ይዤው ነበር፣ «ቀጭ» የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ድንጋይ ዝም ነው። እንግዲህ መሞቱን አምፖሌን ከፍዬ አረጋግጫለሁ።

ቀዩን ሽቦ ፈልጊ አልከኝ፤ በግራሶ ተለውሰው ሁሉም ጥቁር ናቸው። ለጊዜው አገናኚው ያልከውንም በልብስ ማስጫ ሽቦ ሞከርኩ። ሽቦው ፍም መሰለ፣ መዳፌን ላጠኝ። ሰኞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በግራ እጄ ጠመኔ ይዤ አስተማርኩ። ልጆቹ ጽሕፈቴን አይተው ሳቁ። አንተም ሳቅ።

ከዚያ ወዲያ ብልሃት አገኘሁ ብዬ ነበር። ማታ ማታ ወፍጮ ቤቱ ጋ ካለው ቁልቁለት ላይ እያቆምኳት፣ ጠዋት ፍሬኑን ስለቅላት ራሷ ተንደርድራ ትነሳ ነበር። ሁለት ቅዳሜ በሰዓቱ ደረስኩ፣ ምስጋናዬ ብዙ ነበር። በሦስተኛው የቀበሌው ጥበቃ መጣና «እዚህ ማሳደር ክልክል ነው» አለኝ። ለምን ብለው፣ «ክልክል ነው» አለ። ያለፈው ቅዳሜ ምግብ ተመልሷል። የነገሌው ዘመዳችን ደህና ነው ይላሉ። ይላሉ ነው፣ አላየሁትም።

ሣጥኑን በነጭ ጋዝ አጥቤ የተጻፈበትን ቁጥር በወረቀት ገልብጬ አያይዣለሁ። ባለ 12 ቮልት ነው። ምክር አትላክ፣ ዕቃውን ላክ።

እህትህ ፀዳለ


ፍራንክፈርት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀዳለ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እንኳን ለገና አደረሰሽ። የተላጠው እጅሽ ዳነ ወይ?

የልብስ ማስጫ ሽቦ! እታለም፣ እኔ ሌላ ሽቦ ስል ወፍራም የባትሪ ሽቦ ማለቴ ነው እንጂ ካልሲ የሚሰጣበት አይደለም! ኮፈኑ በእሳት ቢያያዝስ? ምነው ባልጻፍኩት አልኩ። ከእንግዲህ አትንኪው፣ በቃ።

አብተው የሚባል የናዝሬት ልጅ ወደ አገር ይመለሳል፤ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ልኬልሻለሁ። ስለ ወተቱ አደራ የምልሽ አለ። ጥሩ ወተት ነው፣ ግን ቪታሚኑ ከታች ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አንቺው ራስሽ ጠጪው፣ ለማንም አትስጪ፣ እስከ መጨረሻው ማንኪያ ድረስ ታግሰሽ ጨርሺው። አብተው ስለ ቪታሚኑ አያውቅም፤ ሰው መጨነቅ የለበትም። ጉምሩክ ስለ መለዋወጫ ብዙ ይጠይቃል ስለተባልኩ ነው እንዲህ የማብዛው። ይህ ደብዳቤ ከወተቱ ቀድሞ እንዲደርስ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ።

አንድ ነገር ስትፈቺ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ አላቅቂ። ይህን ሳታደርጊ ካቻቢቴ እንዳታስጠጊ። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ከመንቀልሽ በፊት ባለ ቀለም ክር እሰሪባቸው፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ያን ጊዜ አይጠፋሽም።

ወንድምሽ መርጋ


ናዝሬት፣ ጥር 26 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለጓድ መርጋ፣

አብዮታዊ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰላምታ አይደለም።

ወተቱ ደብዳቤህን ቀድሞ ደረሰ። ቀድሞ ስልህ፣ ደብዳቤህ የመጣው ትናንት ነው፣ ፖስታው ተከፍቶ ተለጥፎ። ወተቱን ግን አብተው ገና ጥምቀት ሳይገባ አምጥቶልኝ ነበር፣ እግዜር ይስጠው፣ «መርጋ ደህና ነው፣ ወፍሯል» ብሎ ሰጥቶኝ ሄደ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሳምንት የሁንዴ ሚስት አበበች ወለደች። ሴት ልጅ። ባሏ መጋረጃ ይዝጋብኝ እንጂ አራስ አራስ ናት። አጥር ተጋርቼ ሳልጠይቃት ብቀር ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ? ባዶ እጅም አይኬድ። ቤት ውስጥ ያለኝ ደህና ነገር ያ ጣሳ ብቻ ነበር። ወሰድኩላት። አበበች ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «እትዬ፣ ሰው ያያል፣ አይምጡብን እኮ» አለችኝ፣ ግን ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሁንዴ ቤት አልነበረም፣ ወይም በጓዳ በር ወጥቷል።

እንግዲህ ትናንት «ለማንም አትስጪ» የሚል ሳነብ ምን እንደሆንኩ አስበው። ወንድሜ፣ ሰው ወተት ለእህቱ ልኮ ስለ ቪታሚኑ በሌላ ፖስታ ይጽፋል? ጣሳው ላይ አንድ ቃል ብትጽፍ፣ ለአብተው በጆሮው ብትነግረው፣ ምን ነበረበት? «መጨነቅ የለበትም» ትላለህ። እሱ አልተጨነቀም፣ አንተም ፍራንክፈርት ተቀምጠህ አልተጨነቅህም። ጨጓራዬን ላጣችሁት!

ለአራስ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ እንዴት ያለ ውርደት እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ማለዳ ሄድኩ። «ጣሳው ካለቀ ለእህል መስፈሪያ ፈልጌው ነበር» አልኳት፣ መሬት ብትውጠኝ እየተመኘሁ። አበበች ፊቷ አመድ መሰለ። «ሁንዴን ልጠይቀው» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችብኝ። ምን እንደሆኑ አላወቅሁም። ጥለውት ይሆን? ለሆነ ሰው አሳይተውት ይሆን? ባለፈው ቅዳሜም ዘግይቻለሁ። የነገሌውን ዘመዳችንን ባዶ ሳህን የሚያመጣልኝ ልጅ «ከስቷል» አለኝ።

እህትህ ፀዳለ


ፍራንክፈርት፣ የካቲት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው። የመኪና ዕቃ ነው፣ በቃ። ብሎን ያለው፣ አራት እግር ያለው፣ ሌላ ምንም የማይሠራ ዕቃ። እኔ ይህን ዕቃ ለማግኘት ቁጥርሽን ይዤ የዞርኩትን አልነግርሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አዎ፣ ጣሳው ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን እባክሽ አሁን ክብር የሚባለውን ነገር ወዲያ በይው። ሰው እየከሳ ስለ አራስ ጥየቃ ደንብ አንጨነቅ!

ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነው። እዚህ የማላውቀው ሰው ሊፍት ውስጥ ቢቀረቀር ደወል ይደወልልኝና እየሮጥኩ እደርሳለሁ። ያሳደገችኝ እህቴ መኪና በትከሻዋ ስትገፋ ግን የምልከው ወተት ነው። ይህ ያናድደኛል፣ አንቺን አይደለም የምቆጣው።

መርጋ


ናዝሬት፣ መጋቢት 17 ቀን 1976 ዓ.ም.
(በሰው እጅ)

ለወንድሜ ለመርጋ፣

የእግዚአብሔር ቸርነት ቤትህን ይሙላ፣ ቁጣህንም ያብርድልህ። ይህ ደብዳቤ በሰው እጅ ስለሆነ ጓድም አልልህም፣ ወተቱንም ወተት አልለውም።

ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ሁንዴ ራሱ መጣ። በዋናው በር አይደለም፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ጓሮዬ ድረስ። ነገሪ ከታሰረ ወዲህ ደጃፌን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ «እትዬ ፀዳለ፣ ምን በድዬዎት ነው ልጅ በወለድኩ ማግስት ሊያሳስሩኝ የፈለጉት?» አለኝ። «ምን አድርጌ?» አልኩት፤ ነገረኝ።

አበበች ወተቱን እየበጠበጠች ስትጠጣ ማንኪያዋ ከታች ከብረት ጋር ተጋጨ። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የመዳብ እግር ያለው፣ የጀርመን ጽሑፍ ያለበት ሣጥን። ሁንዴ የሬዲዮ መልእክት ማስተላለፊያ መሰለው። ለቀበሌ ልናገር አለ፤ ግን ሚስቱ በእጇ ተቀብላ ግማሹን ጠጥታዋለች። ልጣለው አለ፤ ሰው ቢያገኘውስ? ዶሮ ቤት ውስጥ ቀበረው። «ከዚያ ወዲህ ዶሮዎቹ እንቁላል እንኳ አልጣሉም» አለኝ፣ ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። እሱም ፊቱን አጨፍግጎ ቆይቶ ሳቀ። የምንስቀው ግን በእጃችን አፋችንን ይዘን ነበር።

«የመኪናዋ ሪሌ ነው፣ ሁንዴ። የሚገፋኝ ስላጣሁ ነው ያስላክሁት» አልኩት። ሳቁን አቆመ። ተነስቶ ሄደ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ዶሮ ቤቱን ቆፍሮ ይዞት ተመለሰ፣ አቧራውን በሸሚዙ እየጠረገ።

ገጠምነው። በሩን ዘግተን፣ ግቢ ውስጥ። የባትሪውን ኔጋቲቭ መጀመሪያ አላቀቅሁ፣ እንዳልከው። ሽቦዎቹ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር አሰርኩ። አሮጌው ሣጥን የተያዘበት ብሎን ዝጎ እምቢ አለኝ፣ ሁንዴ ናፍጣ አንጠባጠበበትና በፒንሳ እየተሳደበ ፈታው። አዲሱን አስገባሁ፣ ክሩን እያየሁ ሽቦውን መለስኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። አንድ የሳትኩት ነበር፤ ቀጭኖቹን ሽቦዎች የያዘውን ሶኬት ዘቅዝቄ ልከት ስታገል ሊሰበር ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለውን ነገር አልጻፍክልኝም! ከዚያ ባትሪውን ገጥሜ ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ» አለ፣ መርጋ። የካንዴሊታዎቹ ቢጫ መብራት በራች፣ ቆይታ ጠፋች፣ አስነሳኋት፣ ባንዴ ተነሳች። ሁንዴ ፈጥኖ «ያጥፉት፣ ያጥፉት» አለኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው ብዬ አጠፋሁ። እየወጣ፣ «ቅዳሜ መቼ ነው የሚነሱት?» አለኝ። ሰዓት እላፊው እንዳለቀ አልኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ስንቄን ጭኜ በሩን ከፈትኩ። መኪናዋ ውስጥ ገባሁ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞርኩ፣ መብራቷ በራች፣ ጠፋች። ልቤ ደስ ብሎታል፤ የማንም ውለታ አያስፈልገኝም አልኩ በልቤ፣ ይዝጉ መጋረጃቸውን። ላስነሳት ስል ሁንዴ ከበሩ ወጥቶ ጮኸ፦ «ኧረ ጎረቤት! የእትዬ ፀዳለ መኪና እምቢ ብላለች፣ ኑ ግፉ!»

እብድ ነው አልኩ። ምንም እምቢ አላለችም! መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «አካም ቡልተን እትዬ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ቁልፉን እንዳይነኩት። እኔ ብቻዬን ብወጣ ይይዙኛል። ሁላችንም ከወጣን ማንን ይይዛሉ? ዝም ብለው ይቀመጡ» አለኝ።

አንድ በር ተከፈተ። ቀጥሎ ሌላው። ጋቢ እንደለበሱ ወጡ፤ ሰንበታ መካኒኩ ሳይቀር፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መጣና አወጣው። እኔን አላዩኝም፣ መኪናዋን ነው ያዩት፤ ግን መጡ። አበበች ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ሁንዴ «አንድ፣ ሁለት!» አለ። ገፉኝ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አለፍን፣ ጥበቃው ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ እያየን አሳለፈን። እስከ አስፋልቱ ድረስ ገፉኝ፤ እኔም እግሬን ፍሪሲዮን ላይ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ መሪውን ይዤ እያለቀስኩ ነበር። አስፋልቱ ላይ ሁንዴ ጎኗን መታ መታ አደረገና «አሁን» አለ።

ነገሌ ከሰዓቱ በፊት ደረስኩ፣ ስንቁ ገባ። ነገሪ ራሱ ባዶውን ሳህን ይዞ በሩ ድረስ እንዲመጣ ፈቀዱለት። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ቆሟል። «ማን ገፋሽ?» አለኝ፣ በቀረችን ትንሽ ጊዜ። «ሁሉም» አልኩት።

የላክኸው ዕቃ ደህና ነው፣ ይሠራል። የሚመጣው ቅዳሜም እንደሚገፉኝ ነግረውኛል፣ ስለዚህ እባክህ መኪናዋ ራሷ እንደምትነሳ ለማንም እንዳትጽፍ።

እህትህ ፀዳለ